ኢየሩ የሳመችው ዘንዶ

«ዘንዶ እኮ ነው የምታሳድገው! በየቀኑ እንቁላል ነው የምታበላው» አለች ጎረቤቴ ልዩ።

ለእኔ አይደለም ያለችው። ከቆርቆሮው አጥር ማዶ ልብስ እያሰጣች፣ ስልኳን በጆሮዋና በትከሻዋ መሀል ሸጉጣ፣ ለማን እንደሆነ እንጃ። እኔ በዚህ በኩል ጤና አዳም ልቀጥፍ ወጥቼ ነበር። ጤና አዳሙን ተውኩትና ወደ አጥሩ ተጠጋሁ። ሰው ስለ ጎረቤት ሲያወራ ጥሎ መሄድ ነውር ነው፤ ቢሳሳት ማን ያርመዋል?

«እማማ አስቻለች ቤት ነዋ! ሩታ፣ የልጅ ልጃቸው... አዎ፣ ያቺ ዝምተኛዋ። የእንቁላሉን ቅርፊት በዓይኔ ነው ያየሁት፣ በፌስታል ሙሉ ሲጣል። ዛሬ ማህበሩ እሳቸው ቤት አይደል? ስዕሉን አውርደው ሊያቃጥሉት ነው። ልጅቷን ደግሞ ጠበል ሊወስዷት... እማማ አፀደ ናቸዋ የነገሩኝ! ኧረ እኛስ ጌታ ይመስገን፣ ስዕልም አንስምም።»

እማማ አስቻለች እኔ ነኝ። የሌላ ሰው ቤት ወሬ ቢሆን ኖሮ እንዴት ያለ ጣፋጭ ወሬ ነበር! የራስ ቤት ሲሆን ግን እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮ ላይ ነው የሚቀረው።

ስገባ ሩታ ክፍሏ ውስጥ ቆማለች። የእሷ መስኮት በዚያው በአጥሩ በኩል ነው የሚከፈተው። አልጋዋ ላይ ሰማያዊ ቦርሳዋ አፉን ከፍቷል።

«የት ልትሄጂ ነው?»

«ሰሚት። ጓደኞቼ ቤት ተከራይተዋል፣ ነይ ካሉኝ ቆይተዋል።»

«በአንዲት በልዩ ወሬ?»

«እቴቴ፣ በአንቺ አልተቀየምኩም» አለች፣ ሳትዞር። «ግን ስዕሌን አውርደው ሲያቃጥሉት ቆሜ አላይም። ስዕሉ ከዚህ ቤት ከወጣ እኔም እወጣለሁ።»

ይቺን ልጅ ከድክድክታዋ ጀምሬ ነው ያሳደግኳት። እናቷ አዳማ ሌላ አግብታ ሌላ ወልዳለች፤ ሩታ የእኔ ናት፣ እኔም የሷ። ሌላው ልጅ ሲናደድ በር ይወረውራል። ሩታ ስትናደድ ልብስ ታጥፋለች። ያን ቀን ሹራቦቿን እጅጌያቸውን አገጣጥማ፣ ዳር ከዳር አስተካክላ ስታጥፍ አየሁ። ውሃ ልጠጣ ብዬ ኩባያ አነሳሁ፤ ባዶውን ነው አፌ ላይ የደፋሁት።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። የጊዮርጊስ ማህበር አለን፤ በየወሩ በሃያ ሦስት በየተራ እየደገስን ጽዋ እንጠጣለን። ጽዋው በየቤቱ ሲዞር ስዕሉም አብሮ ይዞራል። ከበሩ አጠገብ ይሰቀላል፤ ሰው እሱን ስሞ፣ ከዚያ እርስ በርሱ ተሳስሞ ነው የሚቀመጠው። የድሮው ስዕላችን ወረቀት ነበር። ዓምና ጧፍ ላሰውና የፈረሱ የኋላ እግርና ጭራው ብቻ ቀሩ። የፈረስ ጭራ ደግሞ አይሳም። አዲስ ይሳል ሲባል እኔ ምን ብዬ ዝም ልበል? «የኔ ሩታ ትስላለች!» አልኩ።

ሩታ ሥራዋ መሳል ነው፤ ለልጆች መጽሐፍ፣ ኮምፒውተር ላይ። የምትስለውም ዘንዶ ነው። ክንፍ ያለው፣ ቀንድ ያለው፣ ጢም ያለው። አንዱ ላይ አንዲት ልጅ ዘንዶ ጋልባ ከእንጦጦ ተነስታ በሽሮ ሜዳ አናት ላይ ትበራለች፣ ነጠላዋ ከኋላዋ እየተውለበለበ። «ይሄ ሁሉ ዘንዶ ምን ይሠራልሻል?» ስላት ታስረዳኛለች። በፈረንጆቹ ተረት ወርቅ ላይ ተኝቶ እሳት ይተፋል። ቻይና ውስጥ ዝናብ የሚያመጣው እሱ ነው፣ በበዓል ይጨፈርለታል። በእኛ ደግሞ ድሮ ድሮ ንጉሥ ነበር ይባላል፣ ልጃገረድ የሚገበርለት።

«የየሀገሩ ሰው የሚፈራውን ሰብስቦ ነው ዘንዶ የሚሠራው፣ እቴቴ» አለችኝ አንድ ቀን።

«እኔ የምፈራው የቁስቋምን ዳገት ነው።»

ሳቀች። «በቃ፣ ያንቺ ዘንዶ እሱ ነው።»

የማህበሩን ስዕል ግን በኮምፒውተር አልነካችውም። እንደ ድሮ ሰዓሊ ነው የምሠራው ብላ ሸራ ወጠረች፣ ቀለሙን በእንቁላል አስኳል እየበጠበጠች። አስኳሉ ለሰማዕቱ፣ ነጩ ለእኔ፤ ያን ሰሞን የእንቁላል ነጭ ጥብስ እስኪሰለቸኝ በላሁ። ልዩ ያየችው ቅርፊት እንግዲህ ይሄ ነው። ዘንዶው እኔ ነኝ!

ሲያልቅ እኔ ራሴ ደነገጥኩ። ሰማዕቱ በነጭ ፈረሱ ላይ ልብ ያረካል። ግን ዘንዶው! የድሮው ዘንዶ ቀበቶ ነበር የሚያህለው። የሩታው ከሸራው ሊወርድ ምንም አልቀረውም። አረንጓዴ ነው፣ ቅርፊቱ አንድ በአንድ ያብረቀርቃል፣ ዓይኑ ደግሞ በየት ብዞር ይከተለኛል። የሚያናድደው፣ ያምራል።

«ምነው እንዲህ አገዘፍሽው?»

«ታዲያ ሰማዕቱ የገደለው እንሽላሊት ነው እንዴ?» አለችኝ።

ሄጄ የእንቁላሉን ነጭ ጠበስኩ። 

ባለፈው ወር ተራው የአፀደ ነበር። ስዕሉን ወስደን ሰቀልን፤ ሰው ሁሉ አፉን ያዘ። ከዚያ ኢየሩ መጣች። ኢየሩ የልጅነት ጓደኛዬ ናት፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶት ሰውን በድምፁ ነው የምታውቀው። እንደ ልማዷ ግድግዳውን ዳበስ ዳበስ አድርጋ ፍሬሙን አገኘች፣ አጎነበሰች፣ ሳመች። ማንን? ዘንዶውን! እዚያው አፍንጫው ላይ፣ ደጋግማ፣ በፍቅር። ቀና ስትል ከንፈሯ አረንጓዴ ሆኗል። ሩታ ለካ አረንጓዴውን ይበልጥ ይብራ ብላ በዚያው ጠዋት በዘይት ቀለም ነካክታው አልደረቀም ነበር።

እንዴት ልቻል? ሳቄን ልውጥ ብዬ አጠገቤ ወደተቀመጠችው ሴት ጆሮ ጠጋ አልኩና «ጥርሱ ደግሞ የአፀደን አይመስልም?» አልኳት። ነው አላልኩም! ይመስላል ነው ያልኩት። እውነትም አንዷ የፊት ጥርሱ ወጣ ብላ ጠመም ብላለች። ያቺ ለጎኗ፣ ጎኗ ለጎኗ፣ ክፍሉን ዞሮ ዞሮ ራሷ አፀደ ጋ ደረሰ። አፀደ አንዴ ስዕሉን፣ አንዴ እኔን አየች። ከዚያ አፏን ግጥም። የቤት ባለቤት ሆና «ብሉ፣ ጠጡ» እንኳን በእጇ ነው ያለችው።

በማግስቱ ግን ከፈተችው። መጀመሪያ የኢየሩ ከንፈር አረንጓዴ ሆነ ተባለ፤ እውነት ነው። ቀጥሎ መርዝ ነው ተባለ። ኢየሩ ከቤተ ክርስቲያን ስትጠፋ ደግሞ ዘንዶው ነድፏት አልጋ ላይ ናት ተባለ። አሁን ይኸው ክንፍ አውጥቶ ቤቴ ገብቶ እንቁላል ይበላል።

«ሩታ» አልኳት፣ ነጠላዬን እየጎተትኩ፣ «እስክመለስ ያቺን ቦርሳ እንዳትዘጊያት።»

«ወዴት ነው?»

«ዘንዶዬን ልወጣ።»

ኢየሩን በእግሯ ቆማ ካላዩዋት ማንም አያምንም። እሷን ከቁስቋም ይዤ መምጣት ነው ያለኝ ተስፋ።

የድግሱ ወጥ ከትናንት ተሠርቶ አልቋል፤ የጎደለኝ እንቁላሉ ብቻ ነበር። አዲሱ ገበያ ስደርስ ሌሊሳ ሱቅ ገባሁ። ሌሊሳ ደህና ልጅ ነው፣ ደንበኛዬ ነው። እንቁላል ስጠኝ ስለው እጁ አየር ላይ ቀረ።

«እማማ፣ ለ... ለሰው ነው?»

«ለማን ሊሆን ኖሯል?»

«አይ፣ ማለቴ... ሰው የሚለውን ሰምቼ ነው።»

«ምን አሉህ?»

አጎንብሶ ፌስታል ይፈልጋል። ፌስታሉ ፊቱ ተሰቅሏል። «ሌሊት ሌሊት ያፏጫል አሉ።»

«የሚያፏጨው የእኔ አፍንጫ ነው፣ አስም አለብኝ!» ብዬው ወጣሁ። ከኋላዬ አንዲት ገዢ «እሳቸው ናቸው?» ስትል ሰማሁ። በሌላ ቀን ቢሆን ተመልሼ የምላትን እላት ነበር። ጊዜ የለኝም። ታክሲ ውስጥ ገብቼ እንቁላሉን ጭኔ ላይ አቅፌ ተቀመጥኩ፤ ታክሲው ቆሞ ሰው ይጠራል፣ ይጠራል። «ሙላ እንጂ!» እለዋለሁ ረዳቱን። «እማማ፣ ሰው ልፍጠር?» ይለኛል። መቀመጫው እሾህ ሆነብኝ። ሩታ አሁን የቱን ታጥፋለች? ሹራቡን ጨርሳለች። ቀሚሶቹ ላይ ደርሳለች። ቀሚስ ካለቀ ጫማ ነው፤ ጫማ ከገባ ደግሞ ዚፑ ነው።

የቁስቋምን ዳገት በየደረስኩበት እየቆምኩ ወጣሁት። ኢየሩ ከልጇ ቤት ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፀሐይ ትሞቃለች። ጥቁር መነጽር አድርጋለች፣ እንደ ሾፌር።

«አስቻለች» አለችኝ፣ ገና ከበሩ። «ምነው እንዲህ አረጀሽ!»

ድምፄን አላሰማሁም እኮ! እንቁላሉን ልጥለው ነበር።

«ታያለሽ?»

«አንዱን ዓይኔን ሆስፒታል ገፈፉልኝ። ለዚህ ነው የጠፋሁት።»

«ለእኔ ሳትነግሪኝ!»

«ለአንቺ ብነግርሽ አዲሱ ገበያ በሙሉ ሊጠይቀኝ ይመጣ ነበር። ሐኪሙ ተኝተሽ እረፊ ነው ያለኝ።» ከዚያ ወደ ፊቴ ጠጋ ብላ አየችኝና ሳቀች። «ጺም አውጥተሻል።»

«አንቺም ዘንዶ ስመሻል።»

«እሱን ሰማሁ። ሰው ጠያቂ መስሎ እየመጣ አፌን ያየኛል። አንዷማ ምላስሽን አውጪ አለችኝ።»

ሁሉንም አንድ በአንድ ነገርኳት። ማቃጠሉን፣ ጠበሉን፣ ቦርሳውን። የአፀደን ጥርስ ነገር ሳልነግራት ላልፍ ነበር። ኢየሩ ግን ድሮም ታውቀኛለች።

«አፀደ ደግሞ ምን ሆና ነው ዘንዶ የጠላችው? ምን ብለሻት ነው?»

«ምንም አላልኳትም።»

«አስቻለች።»

«ጥርሱ ይመስላታል አልኩ። ቀስ ብዬ ነው ያልኩት።»

 ኢየሩ በርጩማዋን ገፋ አድርጋ ተነሳች። «ነጠላዬን አምጪልኝ። ዳገቱን ስንወርድ ደግሞ እኔ ነኝ የምይዝሽ።»

ቤት ስንደርስ ሰው መግባት ጀምሯል። ሮጬ የሩታን ክፍል አየሁ። ቦርሳው ተዘግቷል። በሩ ሥር ቆሟል። እሷ ግን አለች፤ እንግዳውን እያስታጠበች ነው፣ ማስታጠቢያው በእጇ፣ ጃኬቷን እንደለበሰች። ጃኬት ለብሶ እንግዳ የሚያስተናግድ ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ?

ኢየሩን ጓዳ አስቀመጥኳት። «ስጠራሽ ትወጫለሽ» አልኳት። እንደ ሠርግ ሙሽራ በጊዜዋ ላወጣት አስቤ ነው። አይ እኔ።

ሰዉ ያለ ወትሮው ሳይስም ነው የገባው። ስዕሉን በጎን እያዩ፣ ነጠላቸውን እየሰበሰቡ፣ ከግድግዳው ራቅ ብለው ያልፋሉ፣ ውሻ እንደታሰረበት ደጅ። ከዚያ እርስ በርስ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማሉ። አፀደ እኔንም ሳመችኝ፣ በቀኝ፣ በግራ፣ ደግሞ በቀኝ። ጉንጯ በረዶ ነው።

ጋሽ ስብሐት የማህበራችን ሙሴ ናቸው፣ ሰብሳቢያችን ማለት ነው። ጸሎቱ ደርሶ ድፎው ከተቆረሰ በኋላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንግዲህ... ስለ ስዕሉ ቅሬታ መጥቷል።»

«ከማን?» አልኩ።

«ከምእመናን።»

ምእመናኗ ፊት ለፊቴ ተቀምጣ ድፎ ትቆርሳለች።

«እኔ የምለው» አለች አፀደ፣ አፏን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈን አድርጋ፣ «ስዕል የሚሳለው ለሰማዕቱ ክብር ነው። እዚህ ላይ ግን ሰማዕቱን ማን ያየዋል? ሰው ዓይኑ ዘንዶው ላይ ነው የሚውለው። ይቺ ልጅ ቀን ከሌት ዘንዶ ስትስል ነው የምትውለው፤ ሰው የሚጋልበው ዘንዶ! ዘንዶ ይጋለባል? በራዕዩ ዘንዶ ማን እንደሆነ ተጽፏል። ይቃጠል ነው የምለው። ለልጅቷም ጠበል ይሻላታል፣ ለሷው ብዬ ነው።»

«እውነቷን ነው፣ እኔ ሌሊት በህልሜ መጣብኝ» አለች አንዷ።

«የድሮው ስንት ዘመን ኖረ፣ የማንም ህልም ውስጥ አልመጣም» አለች ሌላዋ።

«ሩታ» አሉ ጋሽ ስብሐት፣ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ለምን እንዲህ አሳመርሽው?»

ሩታ ማስታጠቢያውን አስቀመጠች። ሰው በተሰበሰበበት ተናግራ አታውቅም።

«አስቀያሚ ቢሆን ኖሮ ሰው በሩቁ ይሸሸው ነበር፣ ጋሽ ስብሐት» አለች። «ከተማው ሁሉ ልጁን ለዘንዶው እየሰጠ የኖረው ምን አይቶ ነው ብዬ ነው።»

እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ የገባቸው መሰለኝ። አፀደ ግን «ሰማችሁ? ታሞካሸዋለች!» ብላ ተነሳች። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ይቃጠል፣ አንዱ አይ ይመለስላቸው፣ አንዱ ዘንዶው በነጭ ቀለም ይሸፈን። ጋሽ ስብሐት ግራ ሲገባቸው እጃቸው ነው የሚቀድማቸው፤ ተነስተው ወደ ግድግዳው ሄዱ። «ለጊዜው ከፊታችን ይነሳ፣ ከዚያ እንመክርበታለን» እያሉ ምስማሩን ያዙ።

ሩታን አየኋት።  ሄደች፣ ቦርሳዋን አነሳች፣ ማንገቻውን ትከሻዋ ላይ አደረገች።

«ኢየሩ!» ብዬ ጮህኩ። እንደ ሙሽራ ማውጣቱ ቀረ። «ኢየሩ፣ ነይ ውጪ!»

ስትወጣ አንዷ አማተበች። ሞታለች ብለው ነበር ማለት ነው። ኢየሩ ማንንም አላየችም። ቀጥ ብላ፣ ሳትዳብስ፣ ወደ ስዕሉ ሄደች። መነጽሯን አወለቀች። ጋሽ ስብሐት ምስማሩን እንደያዙ ወደ ጎን ሸሸት አሉላት። ኢየሩ ሰማዕቱን ከላይ እስከ ታች አየች። ፈረሱን አየች። ከዚያ አጎንብሳ ዘንዶውን። አፍንጫው ላይ፣ አረንጓዴው መሀል፣ ደብዘዝ ያለ የከንፈር ቅርጽ አለ።

«ሩታ፣ ይሄ የኔ ነው?»

«አዎ፣ እማማ።»

«ለምን አላጠፋሽውም?»

ሩታ ቦርሳዋን ወደ ላይ ሳብ አደረገች። «እንጃ። ዘንዶ ስሞ የሚያውቅ ሰው የለም። አሳዘነኝ፣ ተውኩት።»

ኢየሩ ፈገግ አለች። ያኔ ነው አፀደ ያልቻለችው። ነጠላዋን ከአፏ ላይ አነሳች።

«ይኸው!» አለች። «በአፏ እንኳን አላፈረችም! ዘንዶ የሳመ አፍ ከእኛ ጋር ከአንድ ጽዋ ሊጠጣ ነው? እኔ በበኩሌ ከዚህ በኋላ ከሷ ጋር ጽዋ አልነካም!»

ኢየሩ ቀስ ብላ ዞረች። መነጽሯን ነጠላዋ ላይ ጠረገችው፣ ግን አላደረገችውም። ስንት ዓመት በድምፅ ብቻ ያወቀችንን ሰዎች በዚያች በተገፈፈች አንድ ዓይኗ ታየን ጀመር፤ አፀደን፣ ጎኗ ያሉትን፣ ህልም ያየችውን፣ እኔንም። እኔ ላይ ቆይታለች።

«አፀደ» አለች፣ «እኔ ሳላይ አንድ ዘንዶ ሳምኩ። እናንተ ዓይናችሁ እያየ በየወሩ በየበሩ ጉንጭ ለጉንጭ ስትስሙ የኖራችሁት ማንን ነው?»

የጋሽ ስብሐት እጅ ከምስማሩ ላይ ወረደ። የሩታ ቦርሳ ወለሉ ላይ ሲቀመጥ ተሰማ። አፀደ ነጠላዋን መልሳ አፏ ላይ አደረገች። እኔም፣ እኔ አስቻለች፣ የራሴን ነጠላ አፌ ላይ ሳብኩ።